በአንድ ጠለል ላይ የተነባበሩ ገጾች፤ ከሐዲያና ከከምባታ ግድግዳ እስከ ኮምፒዩተር ሥዕል

በሥነ ጥበብ ታሪክ ውስጥ ስለ ጥልቀት ብዙ ተጽፏል። ሩቁን ሩቅ፣ ቅርቡን ቅርብ አድርጎ በጠፍጣፋ ገጽ ላይ ማሳየት የአውሮፓን ሠዓሊያን ከ15ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ያደከመ፣ የሥዕል ትምህርት ቤቶችም እስከ ዛሬ ድረስ የሚያስተምሩት ጉዳይ ነው። ስለ ሌላው ጉዳይ፣ ይኸውም የሚቆጠር የጥልቀት ልዩነት ሳይኖራቸው በአንድ ጠለል ላይ አንዱ በሌላው ላይ ስለ ተነባበሩ ገጾች፣ የተጻፈው ግን ጥቂት ነው። ቀይ አፈር በተቀባ ግድግዳ ላይ ነጭ መሥመር ሲሰመር፣ መሥመሩ ከግድግዳው ፊት ነው ወይስ ከግድግዳው ጋር አንድ ነው? ዐይን በዚህ ረገድ አይጠራጠርም። ነጩ በላይ፣ ቀዩ በታች መሆኑን ያለ አስተማሪ ያውቃል። ጥያቄው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የታወቀው፣ ዐይን ያለ ድካም የሚያውቀውን ይህንኑ ነገር ለኮምፒዩተር ለማስተማር በተሞከረ ጊዜ ነው።

ጉዳዩን ለመመርመር የሐዲያና የከምባታ አገር የተመቸ ስፍራ ነው። ቀድሞ ዋቸሞ ትባል የነበረችውና የሸዋ ክፍለ ሀገር የከምባታና ሐዲያ አውራጃ ዋና ከተማ ሆና የኖረችው ሆሳዕና፣ ዛሬ የሐዲያ ዞን መቀመጫ ስትሆን በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ለተመሠረተው የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልልም የአስተዳደር ማዕከል ናት። ከእርሷ ወደ ሾኔ፣ ወደ ዱራሜ፣ ወደ አንጋጫና ወደ ሃላባ ቁሊቶ በሚወስዱት መንገዶች ግራና ቀኝ የቆርቆሮ ክዳን እየበዛ ቢሄድም፣ በእንሰት ተከቦ የቆመው የሣር ክዳን ጎጆ ፈጽሞ አልጠፋም። የዚህ ጎጆ ግድግዳ ባዶ አይደለም። በሃላባ ቁሊቶ አካባቢ የውጭው ግድግዳ በቀለማት ተጊጦ ከመንገድ ላይ ይታያል። በሐዲያ ደግሞ ወደ ቤቱ የገባ እንግዳ በውስጠኛው ግድግዳ ላይ መሥመሮችን፣ ሦስት ማዕዘኖችንና ክቦችን ያገኛል። ሠዓሊዎቹ በአብዛኛው የቤቱ ሴቶች ናቸው። ስማቸው በሥራው ላይ አልተጻፈም፤ ሥራቸውም በሥዕል ዐውደ ርእይ መዝገብ ውስጥ እምብዛም አይገኝም።

የዚህ ግድግዳ አሠራር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የመነባበር ሥራ ነው። እንጨቱ ቆሞ በማገር ከታሰረ በኋላ በጭድ የተቦካ ጭቃ ይመረግበታል። ምርጊቱ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ መሰንጠቁም ጉዳት ሳይሆን ቀጣዩ ንብርብር የሚይዝበት ጥርስ ነው። በእርሱ ላይ ከእበት ጋር የተለወሰ ልሙጥ ልስን በእጅ መዳፍ ይለሰናል። ልስኑ ከጠወለገ በኋላ የመደቡ ቀለም፣ ከመደቡም ላይ ሥዕሉ ይከተላል። እያንዳንዱ ንብርብር የራሱ ጊዜ አለው። የታችኛው ሳይደርቅ የላይኛው ቢጨመር ሁለቱ ተቀላቅለው ቀለሙ ይደፈርሳል፤ የታችኛው ፈጽሞ ደርቆ አቧራ ከያዘ ደግሞ የላይኛው አልይዝ ብሎ ይረግፋል። ስለዚህ በዚህ ሥራ ውስጥ ትልቁ ዕውቀት ቀለም መምረጥ ብቻ አይደለም። ምን ከምን በኋላ እንደሚመጣና መቼ እንደሚመጣ ማወቅ ነው።

በዓመቱ መዞር ይህ ቅደም ተከተል እንደገና ይጀመራል። የሐዲያ ሕዝብ ያሆዴን፣ የከምባታ ሕዝብ መሳላን የሚያከብረው በመስከረም ወር፣ በመስቀል ሰሞን ነው። በዚህ አካባቢ ለበዓል ቤትን ማደስና መለሰን የቆየ ልማድ ስለሆነ፣ የአምናው ሥዕል በዘንድሮው ልስን ይሸፈናል። አሮጌው ግን አይፋቅም፤ ከሥር ይቀራል። ልስኑ ከበሩ መቃን አጠገብ በተገመሰበት ስፍራ ጠርዙን ጠጋ ብሎ ያየ ሰው፣ ቀጫጭን የቀለም ክሮች በዓመታት ተራ ተደርድረው ሊያይ ይችላል። የአንዱ ቀለም ውፍረት ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። ቢሆንም ከላይኛው ዓመት በታች ያለው ዓመት በእርግጥ ከታች ነው፤ የሚያከራክር ነገር የለውም።

ከዚሁ አገር ብዙም ሳይርቅ፣ በሶዶ ጉራጌ ምድር፣ የጥያ ትክል ድንጋዮች ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈረው ይህ ስፍራ 36 ሐውልቶች ሲኖሩት 32ቱ ቅርጽ የተቀረጸባቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በደቡብ ኢትዮጵያ የተዘዋወሩት ፈረንሳውያኑ አባ አዛይስና ሻምባር፣ ስለ እነዚህና ስለ ሌሎቹ የአካባቢው ትክል ድንጋዮች የጻፉት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1931 በፓሪስ ታትሟል። በጥያ ድንጋዮች ላይ የተቀረጹት ጎራዴዎች በጠፍጣፋው የድንጋይ ፊት ላይ ተደርድረው ይታያሉ። ቀራጩ እንደ ለሳኟ በቀለም ሳይሆን በመሮ ቢሠራም፣ ለጎራዴዎቹ የሰጣቸው ጥልቀት ከድንጋዩ ቁመት ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከላይ ስትመታ ቅርጹ ከድንጋዩ ፊት ጋር አንድ ሆኖ ሊጠፋ ይቃረባል። ማለዳ ወይም ወደ ማታ፣ ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ፣ ጎራዴዎቹ እንደገና ይወጣሉ። ፎቶግራፍ አንሺዎች ይህን ያውቃሉ። የኮምፒዩተር ሠዓሊዎችም ቆይተው፣ በሌላ መንገድ፣ ከዚሁ ችግር ጋር ተገናኝተዋል።

ኮምፒዩተር ባለ ሦስት አውታር ምስል መሥራት በጀመረበት በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ባለሙያዎችን የገጠማቸው ዋና ጥያቄ የተሸፈነው ገጽ ጥያቄ ይባል ነበር። ኮምፒዩተሩ ቤትን፣ ዛፍንና ተራራን በቁጥር ያውቃቸዋል፤ ነገር ግን ከተመልካቹ አኳያ የትኛው የትኛውን እንደሚሸፍን አያውቅም። ካልነገሩት በስተቀር ከቤቱ በስተ ኋላ ያለውን ዛፍ ከቤቱ ፊት ይስለዋል። እ.ኤ.አ. በ1972 ማርቲን ኒውዌል፣ ሪቻርድ ኒውዌልና ቶም ሳንቻ ያቀረቡት መፍትሔ ከሠዓሊ ልማድ የተወሰደ ነበር። ገጾቹን ከሩቅ ወደ ቅርብ በተራ ማሰለፍ፣ ሩቁን አስቀድሞ መሳል፣ ቅርቡን በላዩ ላይ መደረብ፣ ሁለት ገጾች እርስ በርስ ከተጠላለፉ ደግሞ ቆርጦ መለየት ነው። ዘዴው እስከ ዛሬ የሠዓሊው ዘዴ እየተባለ ይጠራል። የሐዲያዋ ለሳኝ ይህን ስም ብትሰማ ምናልባት ሌላ ዘዴ መኖሩ ያስገርማት ይሆናል።

ሌላው ዘዴ የመጣው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። በአሜሪካ የዩታ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ኤድዊን ካትመል እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1974 ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ፣ በዚያው ዓመት በበርሊን ደግሞ ቮልፍጋንግ ሽትራሰር በየፊናቸው አንድ ዓይነት ሐሳብ ላይ ደረሱ። ወሩ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. መሆኑ ነው። የዕድገት በኅብረት ዘመቻ የታወጀበት፣ የከተማ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ይሰማሩ የጀመሩበት ወር ነበር። በዚያን ጊዜ በዘማቾች ዐይን ፊት የነበረው የገጠር ግድግዳና በዩታ የተጻፈው ሐሳብ አንድ ቀን በአንድ ጥያቄ ይገናኛሉ ብሎ የገመተ አልነበረም።

የካትመልና የሽትራሰር ሐሳብ የጥልቀት መዝገብ ይባላል። በስክሪኑ ላይ ላለችው ለእያንዳንዷ የምስል ነጥብ ከቀለሟ ሌላ አንድ ቁጥር ይያዛል፤ ቁጥሩ እስካሁን በዚያች ነጥብ ላይ የተሳለው ገጽ ከተመልካቹ ያለውን ርቀት ይገልጻል። አዲስ ገጽ ሲመጣ ኮምፒዩተሩ ሁለቱን ርቀቶች ያነጻጽራል፤ አዲሱ ከቀረበ ይተካል፣ ከራቀ ይጣላል። ማሰለፍ የለም፣ ቆርጦ መለየት የለም፣ የትኛው ቀድሞ ይሳል የሚለው ጭንቀትም የለም። በዚያን ዘመን የነበረው እንቅፋት የማስታወሻ ዋጋ ብቻ ነበር። በወርድም በቁመትም 512 ነጥቦች ያሉት ስክሪን 262,144 ነጥቦች ስላሉት፣ ለእያንዳንዷ ነጥብ 16 ቢት ቢያዝ ለጥልቀት ብቻ ግማሽ ሜጋባይት ያስፈልጋል። ይህ ዛሬ ኢምንት ሲሆን ያን ጊዜ ከብዙ ተቋማት አቅም በላይ ነበር። ማስታወሻ እየረከሰ ሲሄድ የጥልቀት መዝገብ ተፎካካሪዎቹን ሁሉ አሸንፎ በኮምፒዩተርና በእጅ ስልክ ውስጥ ገባ። ካትመል በኋላ ፒክሳር የተባለውን የአኒሜሽን ፊልም ድርጅት ከመሠረቱት አንዱ ሆኗል፤ የ2019ን የቲዩሪንግ ሽልማትም ከፓት ሃንራሃን ጋር ተጋርቷል።

ድሉ ግን አንድ ነገር አስረስቷል። ተራ የማይጠይቅ ዘዴ፣ ከተራ በቀር ሌላ መለያ የሌላቸው ነገሮች ሲገጥሙት ምን ያደርጋል?

ቀይ ግድግዳና በላዩ ያለ ነጭ መሥመር ለኮምፒዩተሩ እንደ ሁለት ገጾች ቢሰጡት፣ ሁለቱ በአንድ ጠለል ላይ ስለሆኑ ርቀታቸው አንድ ነው። በወረቀት ላይ አንድ የሆነው ግን በስሌት ውስጥ አንድ አይሆንም። የሁለቱ ገጾች ማዕዘኖች የተለያዩ በመሆናቸው በመካከል ላለችው ነጥብ የሚሰላው ርቀት በመጨረሻዎቹ አሐዞች ላይ ይለያያል። በአንዷ ነጥብ ነጩ በጥቂት ያሸንፋል፣ በጎረቤቷ ቀዩ። ተመልካቹ አንድ እርምጃ ሲራመድ ስሌቱ ይለወጣል፤ ያሸነፈው ይሸነፋል፣ የተሸነፈው ያሸንፋል። ስለዚህ በስክሪኑ ላይ የሚታየው ነጭ መሥመር ሳይሆን የሚንቀጠቀጥና የሚብለጨለጭ ዝብርቅርቅ ነው። ባለሙያዎች ጥልቀት የሚለካበትን አውታር ዜድ ስለሚሉት ይህን ክሥተት የዜድ ውጊያ ብለውታል። ስሙ ይመጥነዋል፤ ሁለቱም ወገኖች በአንድ ስፍራ ላይ እኩል መብት ያላቸው፣ ዳኛ ያልተቀመጠላቸው ውጊያ ነውና።

የጥልቀት መዝገብ አሠራር ነገሩን ያባብሰዋል። መዝገቡ ርቀትን በእኩል እርከን አይከፋፍልም፤ ለቅርቡ ብዙ፣ ለሩቁ ጥቂት ይሰጣል። የሚታየው ዓለም ከተመልካቹ 10 ሳንቲ ሜትር ላይ ጀምሮ 1 ኪሎ ሜትር ላይ የሚያበቃ ቢሆን፣ ከእርከኖቹ ግማሹ ከ10 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ባለው ርቀት ብቻ ያልቃል። ለተቀረው ዓለም የሚተርፈው ግማሹ ነው። 16 ቢት 65,536 እርከኖች ይሰጣል። በዚህ መጠን ከተመልካቹ 100 ሜትር ላይ ባለ ነገር ላይ የአንዱ እርከን ስፋት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይሆናል። ይህም ማለት ከመቶ ሜትር የሚታየው የጥያ ድንጋይ ፊቱና ጀርባው፣ ከነጎራዴዎቹ፣ በአንድ እርከን ውስጥ ሊወድቅ ይችላል ማለት ነው። 24 ቢት 16,777,216 እርከኖች አሉት። በዚህ ጊዜ በመቶ ሜትር ላይ ያለው እርከን ወደ 6 ሚሊ ሜትር ይጠባል። ጎራዴው ይድናል። ውፍረቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰው የግድግዳ ቀለም ግን አሁንም አይድንም። በቅርቡ ዘመን ተንሳፋፊ ነጥብ ባላቸው ቁጥሮች የሩቁንና የቅርቡን አቆጣጠር ገልብጦ መያዝ ስሕተቱን በእጅጉ ቀንሶታል። ቢሆንም በእውነት አንድ ጠለል ላይ ላሉት ገጾች ይህም መድኃኒት አይሆንም። እኩል የሆኑትን በጥራት መለካት እኩልነታቸውን ከማረጋገጥ በቀር የላይኛውን ከታችኛው አይለይም።

በመፍትሔነት የቀረቡት ዘዴዎች የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። በብዛት የሚሠራበት የላይኛውን ገጽ ወደ ተመልካቹ በጥቂቱ ማስጠጋት ነው። ኦፕን ጂኤል የተባለው የሥዕል ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1997 በወጣው 1.1ኛ ቅጹ ይህን ለገጾች በይፋ አካትቶታል። ዘዴው ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ሐሰት ነው። ያልነበረ ጥልቀት ይፈጥራል። መጠኑ ካነሰ ውጊያው አይቆምም፤ ከበዛ ደግሞ መሥመሩ ከግድግዳው ተነጥሎ የተንሳፈፈ ይመስላል፣ በቅርብ ከጎን ሲታይም ክፍተቱ ይጋለጣል። ሦስት፣ አራትና አምስት ንብርብሮች ሲኖሩ እያንዳንዱ ከታችኛው ትንሽ እየተገፋ ሄዶ የመጨረሻው ከቤቱ ምሰሶ ፊት ሊወጣ ይቃረባል። በአጭሩ፣ ጥያቄው የተራ ሆኖ ሳለ መልሱ በጥልቀት የተሰጠበት ዘዴ ነው።

ከዚህ የሚሻለው፣ ዕድሜውም የሚበልጠው፣ ከአብራሪዎች ማሠልጠኛ የመጣው ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ የጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ባለሙያ የነበረው ሮበርት ሹማከርና ባልደረቦቹ ለአየር ኃይል የበረራ ማሠልጠኛ በሠሩት ጥናት፣ ለገጾች አስቀድሞ የቅድሚያ ቁጥር መመደብን አቀረቡ። በአብራሪ ዐይን ፊት ካሉት ነገሮች ዋናው የማረፊያው ሜዳ መሆኑን ማሰብ ይገባል። ምድሩ አለ፣ በምድሩ ላይ አስፋልቱ፣ በአስፋልቱ ላይ ነጩ መሥመርና ቁጥሩ። ሦስቱም በአንድ ጠለል ላይ ናቸው። አውሮፕላኑ በየትም አቅጣጫ ቢመጣ መሥመሩ ሁልጊዜ ከአስፋልቱ በላይ፣ አስፋልቱም ከምድሩ በላይ ነው። ይህን በየጊዜው ማስላት አያስፈልግም፤ አንድ ጊዜ መናገር ይበቃል። በማረፊያው ላይ የሚንቀጠቀጥ መሥመር በፊልም ውስጥ ቢታይ ያስቃል፤ ለማረፍ በሚለማመድ አብራሪ ፊት ሲታይ ግን ትምህርቱን ያበላሻል። በአዲስ አበባ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ማሠልጠኛ ውስጥ በምስል በረራ የሚለማመዱ አብራሪዎችም በየቀኑ የሚያርፉት በእንዲህ ያለ የተነባበረ ጠለል ላይ ነው።

የጥልቀት መዝገብ ከነገሠም በኋላ የቅድሚያ ተራ በሌላ በር ተመልሷል። ኮምፒዩተሩ አስቀድሞ ግድግዳውን ይስላል፤ ግድግዳው በእርግጥ በሚታይባቸው ነጥቦች ላይ ምልክት ያደርጋል። ከዚያ በኋላ መደቡን፣ መሥመሩንና ክቡን በተራቸው ምልክት ባለባቸው ነጥቦች ላይ ብቻ፣ ስለ ጥልቀት ሳይጠይቅ፣ ይደርባል። ምልክቱ የሚያዝበት መዝገብ ስቴንስል ይባላል። መምህራን ለፈተና ማባዣ ይጠቀሙበት የነበረውን የሰም ወረቀት የሚያስታውስ ሁሉ የስሙን ምክንያት አያጣውም፤ ቀለም በተከፈተለት ቀዳዳ ብቻ ያልፋል። በዚህ ዘዴ ምሰሶው ከግድግዳው ፊት ምሰሶ ሆኖ ይቀራል፣ ሥዕሉም ከግድግዳው ሳይርቅ ከግድግዳው በላይ ይሆናል። ጥልቀት በሚገባው ቦታ ጥልቀት ይወስናል፤ ጥልቀት በሌለበት ደግሞ ተራ።

ይህ ልዩነት በኢትዮጵያ ሥዕል ውስጥ አዲስ አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ በጥንቱ ልማድ ንድፉን ይነድፋል፣ በንድፉ ውስጥ ቀለም ይሞላል፣ ቀለሙ የሸፈነውን ጥቁር መሥመር ከላይ እንደገና ያወጣል። አንዱ ቅዱስ ከሌላው ፊት የቆመ መሆኑ የሚታወቀው በመጠኑ ማነስ ወይም በመደብዘዝ ሳይሆን የአንዱ ልብስ የሌላውን ልብስ በመሸፈኑ ነው። በጎንደር ዘመን አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ ሥዕሉ በጨርቅ ላይ ሆኖ ጨርቁ በግድግዳው ላይ ይለጠፋል፤ ድንጋይ፣ ልስን፣ ጨርቅ፣ መደብ፣ ቀለም። የአውሮፓን የጥልቀት ሕግ መመዘኛ አድርገው ይህን ሥዕል ጠፍጣፋ ነው ብለው የነቀፉ ተመልካቾች ነበሩ። ነቀፌታቸው የተነሣው አንዱን ጥያቄ ከሌላው ካለመለየት ነው። ሠዓሊው የጥልቀትን ጥያቄ አልመለሰም፤ የተራን ጥያቄ ግን አጥርቶ መልሷል።

ይህ ሁሉ ለሆሳዕናና ለዱራሜ ምን ይጠቅማል ለሚል፣ መልሱ ግድግዳው እየጠፋ በመሆኑ ላይ ነው። የሣር ክዳን በቆርቆሮ፣ የጭቃ ግድግዳ በብሎኬት ሲተካ ነዋሪውን መውቀስ አይገባም። ሣር ውድ ሆኗል፣ እሳት ያሰጋል፣ ቆርቆሮ ይበረክታል። የሚቀረው ሥራውን መመዝገብ ነው። ዛሬ ለዚህ የሚሆን መሣሪያ በእጅ ስልክ ውስጥ ሳይቀር ይገኛል፤ አንድን ቤት ከብዙ አቅጣጫ ፎቶግራፍ አንስቶ ከፎቶግራፎቹ ባለ ሦስት አውታር ቅጂ ማውጣት ይቻላል። ለሙዚየም፣ ለትምህርት ቤትና ለተመራማሪ ትልቅ ሀብት ነው።

ቅጂው ግን አንድ ነገር ይደመስሳል። ካትመል በዚያው በ1974ቱ ጽሑፉ ሥዕልን በቅርጽ ላይ ማልበስ የሚቻልበትን መንገድ አሳይቶ ነበር፤ የፎቶግራፉም ቅጂ የሚሠራው በዚሁ ነው። ግድግዳው አንድ ቅርጽ፣ በላዩ ያለው ሁሉ አንድ ቆዳ ይሆናል። ቀዩ መደብ፣ ነጩ መሥመር፣ ከሥር የሚታየው የአምናው ጥቁርና ትናንት የረገፈው ልስን በአንድ ቆዳ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ ነጠብጣቦች ሆነው ይቀራሉ። የዜድ ውጊያ የለም፤ ምክንያቱም የሚዋጋ ሁለተኛ ገጽ የለም። ነገር ግን ነጩ ከቀዩ በላይ ይሁን፣ ወይስ ቀዩ በነጭ መደብ ላይ ክፍተት እየተተወለት የተቀባ ይሁን፣ ከቅጂው አይታወቅም። ሁለቱ አሠራሮች ለዐይን አንድ ዓይነት ሊመስሉ ይችላሉ፤ ለእጅ ግን የተለያዩ ጥበቦች ናቸው። በከተማ አንዳንድ ሆቴሎች የባህል ቤት ለማስመሰል የሚለጥፉት የታተመ ሸራም የሚያሳዝነው ቀለሙ ስለሚያብረቀርቅ ሳይሆን ከሥሩ ምንም ስለሌለ ነው።

ስለዚህ መዝጋቢው ከካሜራው ሌላ ይዞ ሊሄድ የሚገባው ጥያቄ አለ፤ ይህንም ጥያቄ መልሳ የምታውቅ ለሳኟ ብቻ ናት። መጀመሪያ ምን ተቀባ? ምን ያህል ጊዜ ተጠበቀ? ይህ መሥመር የተሰመረው ክቡ ከደረቀ በኋላ ነው ወይስ በፊት? የአምናው ሥዕል የት ላይ ነበር? ዘንድሮ ለምን ተለወጠ? መልሱ በሐዲይኛ፣ በከምባትኛ ወይም በሃላብኛ ከነአጠራሩ ቢያዝ የበለጠ ይጠቅማል፤ ለእያንዳንዱ ንብርብርና ለእያንዳንዱ አፈር የሚሰጠው ስም በትርጉም ይሳሳልና። መልሱ ከተገኘ በኋላ ግድግዳውን በኮምፒዩተር እንደ አንድ ቆዳ ሳይሆን እንደ ተነባበሩ ገጾች፣ ለእያንዳንዱ የቅድሚያ ቁጥር ሰጥቶ፣ ማስቀመጥ ይቻላል። ተማሪው የላይኛውን ሲያነሣ የታችኛው ይታየዋል፣ መሥመሩን ሲያነሣ መደቡን፣ መደቡን ሲያነሣ የእጅ መዳፍ ምልክት ያለበትን ልስን። ቴክኒኩ ከ1969 ጀምሮ የታወቀ ነው። የሚጎድለው ቁጥሮቹን የሚሞላው ሰው ነው፤ ቁጥሮቹንም መሣሪያው ከግድግዳው ሊያነብ አይችልም።

በየዞኖቹ ያሉት የባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤቶች፣ በሆሳዕና የሚገኘው የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲና የአካባቢው የሥዕል መምህራን ለዚህ ሥራ ቅርብ ናቸው። ተማሪዎችን ለቤት ሥራ ወደ አያቶቻቸው መላክ እንኳ ጅምር ይሆናል። ሥራው የሚጀመርበት ጊዜ ግን እንደ ልብ አይደለም። ሥዕሉ ካለቀ በኋላ የመጣ መዝጋቢ የሚያገኘው የላይኛውን ገጽ ብቻ ነው። ተራው የሚታየው ጭቃው ሲቦካ፣ ልስኑ ሲጠወልግ፣ የመጀመሪያው ቀለም ሲነካ ነው፤ ይህም ነሐሴ ተጋምሶ ያሆዴና መሳላ ከመድረሳቸው በፊት ባሉት ጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ ዝናቡ ፋታ በሚሰጥባቸው ቀኖች ነው።